«ቃሉን ጨዋታ አደረግሽው» ቢሉሽስ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። እዚሁ ሐዋሳ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ከ5 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆችን አስተምራለሁ። ጥቅስ በቃል ላስጠናቸው ስል ይሰለቻሉ፤ በዜማ ሲሆን ግን ቶሎ ይይዙታል። አንድ ሽማግሌ «ቃሉን ጨዋታ አደረግሽው» አሉኝ። ልተወው?

መልስ፦ ኧረ እህቴ፣ እንዳትተዪው! ዘዳግም 31፥19ን አንብቢ። ሙሴ ሊሞት ሲል እግዚአብሔር መዝሙር ጻፉ፣ ለእስራኤል ልጆች አስተምሩ፣ በአፋቸው አድርጉት አለ። ሕዝቡ ነገ ዞር እንደሚል ያውቃል፤ መዝሙሩ ግን ከልጆቻቸው አፍ እንደማይጠፋ ቁጥር 21 ላይ ተናገረ። ይህን ለሽማግሌው በትሕትና አሳዪያቸው።

ግን እሳቸውም ዝም ብለው አልፈሩም። አንድ ጊዜ መዝሙር 23ን በዜማ አስተማርኩ። ልጆቹ ቆርቆሮው እስኪነቀል ዘመሩት። እኔም ደስ ብሎኝ አንዱን የ6 ዓመት ልጅ «የሚያሳጣኝም የለም ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት። «ሰው ፊት የሚያሳጣኝ የለም! እንግዳ ሲመጣ ብስኩት ስጪኝ ካልኳት እማዬ 'አታሳጣኝ' ትለኛለች» ብሎኝ እርፍ። ምን ያድርግ፣ እሱ የሚያውቀው ማሳጣት ያ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ብስኩቱ ሲዘምር ከርሞ ኖሯል! «ምንም አይጎድልብኝም» ማለት እንደሆነ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ትርጉሙ፣ ከዚያ ዜማው። ዘምረው ሲጨርሱም በራሳቸው አፍ እንዲነግሩሽ ጠይቂያቸው። ቤት ገጥሞ እንዲያምር ብለሽ የጥቅሱን ቃል አትቀይሪ፤ መደጋገም ይቻላል፣ መቀየር ግን አይሆንም፣ ልጅ የያዘውን ስሕተት ማስለቀቅ መከራ ነው። ከአጭር ጀምሪ፤ መዝሙር 117 ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ለእኛ ከተማ ልጆች ደግሞ መዝሙር 89፥12 አለልሽ፣ «ታቦርና አርሞንኤም በስምህ ደስ ይላቸዋል» ይላል። ታቦር ሲባሉ ሁሉም እጃቸውን ወደ ተራራችን ይቀስራሉ። የመዝሙሩ ታቦር ገሊላ ያለው መሆኑን፣ የእኛው ስሙን ከዚያ እንደወሰደ ንገሪያቸው። ቤት ውስጥ ሲዳምኛ የሚናገሩ ካሉ ያንኑ ጥቅስ በሲዳምኛም አዘምሪያቸው፣ ለወላጆቻቸው ይዘውት ይገባሉ።

ሽማግሌውንም አንድ እሁድ ጋብዣቸው። ትርጉሙን እሳቸው ይንገሯቸው፣ ዜማውን አንቺ ያዢ።