የፒያሳው አረብ ቤትና የዱቤው ደብተር

ባለፈው እትም ስለ ልብስ ሰፊው አባቴ ሁለት አንቀጽ ብጽፍ፣ በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ የድሮ ሱቅ የድሮ ሱቅ ይሉ ጀመር። ከእነሱ ውስጥ አራቱን መርጫለሁ። የጠያቂዎቹን ስም እንደተለመደው ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እናቴ ጎንደር ነው ያደገችው፤ እኔ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። «ፒያሳ አረብ ቤት ከገባህ የምታጣው ነገር የለም፤ መርፌም፣ የፋኖስ ብርጭቆም፣ የሙሽራ ጫማም ከአንድ ቤት ነበር የምንገዛው» ትለኛለች። ትዝታዋን እያሳመረች ይመስለኛል። እውነት እንዲህ ያለ ሱቅ ነበር?

መልስ፦ ልጄ፣ እናትህን አትጠራጠር። መርፌውንና ጫማውን ነግራህ ከሆነ ገና ከግማሹም አልደረሰችልህም።

የየመን ሰዎች በየከተማው የከፈቱት ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ሁሉ አረብ ቤት ነበር የሚባለው። እኔ አብጠርጥሬ የማውቀው አንዱን ነው፤ አባቴ በረንዳው ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ይሰፋ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስወጣ የምውለው እዚያ ነው። ፒያሳ ከፋሲል ግቢ በስተሰሜን ጣሊያን ጎንደርን ከ1928 እስከ 1934 በያዘበት ጊዜ የሠራው ሰፈር ነው፤ ፖስታ ቤቱም ሲኒማ ቤቱም የዚያን ጊዜ ናቸው። እኔ ልጅ በነበርኩበት በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግድግዳው ገና ቢጫነቱን አልለቀቀም ነበር።

የሱቁ ባለቤት ሐጂ ነበር የምንላቸው። ባንኮኒው ከበሩ ፊት ለፊት ነው፤ ከኋላቸው መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ይደርሳል። ከላይ በጭድ የተጠቀለለ የፋኖስ ብርጭቆ፣ ሳፋ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ፔርሙዝ። ከመሐል ጣቃ ጨርቅ፦ አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ፖፕሊን፣ በኋላ ደግሞ ቴትሮን። ከታች ስኳርና ጨው በጆንያ። ባንኮኒው ላይ ባለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ማበጠሪያ፣ ቁልፍ፣ የዳንቴል ክርና ኪሮሽ፣ ኩል፣ የባትሪ ድንጋይ፣ በትንንሽ ብልቃጥ ሽቶ። ላምባ ግን በፊት በር አይሸጥም። ሽታው ጨርቁንና ስኳሩን እንዳይዘው በጓሮ በኩል ነበር በርሜሉ የሚቀመጠው፤ ጠርሙሳችንን ይዘን በዚያ እንዞራለን፣ ሠራተኛው በጣሳ እየለካ ይቀዳልናል። የጓሮውን በር ለማግኘት ዓይን አያስፈልግም፣ አፍንጫ ይበቃል።

የሙሽራ ጫማ ያልከውም እውነት ነው። ጥር ሲቃረብ ሻንጣ፣ ነጭ ጫማና መሐረብ ከመጋዘን ይወጣል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል በእኛ ቤት ቀልድ አልነበረም፣ የአባቴ የዓመት ገቢ ነበር። ደንበኛዋ ውስጥ ገብታ ጨርቁን በሜትር ታስቆርጣለች፤ እንደተጠቀለለ ይዛ ትወጣና በረንዳው ላይ ለአባቴ ትሰጠዋለች። አባቴ ለሐጂ የበረንዳ ኪራይ አይከፍልም፣ ሐጂም ለአባቴ ደሞዝ አይከፍሉም። ሰፊ የሌለው ጨርቅ ሻጭ ጣቃውን አቅፎ ይውላል፣ ጨርቅ የሌለው ሰፊም መኪናውን ዘይት ሲቀባ ይውላል። ውል የሚባል ወረቀት በመካከላቸው አላየሁም። በታኅሣሥ ወር አባቴ ማታ በፋኖስ ሲሰፋ የፋኖሱን ላምባ የሚችሉት ሐጂ ነበሩ።

ስኳር የሚጠቀለለው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ነው። ሐጂ ገጹን በአንድ እጃቸው ጠምዝዘው ጫፉን ያጥፉታል፤ እስከ ዛሬ ሞክሬ አልሆነልኝም። ሂሳብ ከተከፈለ በኋላ ምርቃት አለ፣ አንድ ደስታ ከረሜላ። ስሙኒ ይዞ የተላከ ልጅ የትኛው ሱቅ እንደሚሄድ የሚወስነው በምርቃቱ ነው እንጂ እናቱ በነገረችው አይደለም።

እናትህን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አርማታለሁ። የሚታጣ ነገር የለም መባሉ ልክ አይደለም፤ ጎንደር ውስጥ አረብ ቤት የማይሸጣቸው ነገሮች ነበሩ። ጀበናና ምጣድ ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ወርደህ ነው የምትገዛው። ኩታና ጋቢ የአዲስ ዓለም ሸማኔዎች ነው። በርበሬና ቅመም የሴቶቹ ጉልት ነው። ሐጂ እነዚህን ሊሸጡ ቢሞክሩ ማንም አይገዛቸውም ነበር፤ እሳቸውም አልሞከሩም። እያንዳንዱ የሌላውን እንጀራ ያውቅ ነበር።

ጥያቄ፦ አራዳ አካባቢ ሱቅ አለኝ። አንዳንድ ሽማግሌዎች «የድሮውን ሱቅ የዘጋው ደርግ ነው» ይሉኛል፣ ሌሎቹ «ነጋዴው ራሱ ጥሎ ሄደ» ይላሉ። እርስዎ ማንን ያምናሉ?

መልስ፦ ሁለቱንም። ግን የሁለቱም ወሬ መሐሉን ይዘላል።

በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አዋጁ የወሰደው ቤቱን እንጂ ሸቀጡን አይደለም። ተከራይቶ ይነግድ የነበረ ሰው በመጀመሪያው ሰሞን ደስ ብሎት ነበር፤ ኪራይ ተቀነሰ፣ በወር እስከ 100 ብር የሚከራየውን ቤት ሒሳብ ቀበሌ ይሰበስብ ጀመር። ያለቀሰው ባለ ሕንጻው ነው። አባቴ ያን ሰሞን «ባለ ቤት ቢቀየር በረንዳ ያው በረንዳ ነው» ሲል ትዝ ይለኛል።

ሱቁን ያደከመው በኋላ የመጣው ነው። ለግል ነጋዴ በ1968 የካፒታል ጣሪያ ተበጀለት። የጅምላው ንግድ ወደ መንግሥት ድርጅቶች ሄደ። ስኳር፣ ጨውና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ፣ በካርድ፣ በወረፋ ሆነ። እኛ ልጆች ከሐጂ ባንኮኒ ተነሥተን የቀበሌው ወረፋ ላይ ድንጋይ አስቀምጠን ቦታ መያዝ ተማርን፤ ድንጋዩ ይቆምልናል፣ እኛ እንጫወታለን። ምርቃት ደግሞ የለም፤ ቀበሌ ለማንም አይመርቅም።

ሐጂ መደርደሪያቸው ነበራቸው፣ መደርደሪያው ላይ የሚቀመጥ ግን እየጠፋ ሄደ። በላይኛው ረድፍ ላይ ባዶ ካርቶን ፊቱን ወደ ደንበኛ አዙረው ይደረድሩ ነበር፣ ሱቁ ሙሉ እንዲመስል። በ1969 የንጉሡ ምስል ያለበት ብር ሲቀየር ገና ነበሩ። ከዚያ ብዙ አልቆዩም፤ ሱቁን ለሠራተኛቸው ትተው ወደ የመን ሄዱ። ማንም በር ላይ ቆሞ ውጡ አላላቸውም። ልጆቻቸው ግን ባዶ ባንኮኒ ጀርባ ሊቆሙ አልፈለጉም፤ ይህንንም ማን ይፈርድባቸዋል?

ደርግ ከወደቀ ከ1983 በኋላ ሸቀጡ ተመለሰ፣ ያውም በገፍ። ያ ዓይነት ሱቅ ግን አልተመለሰም። ሽማግሌዎቹ የሚረሱት ይህንን ነው። ስልክ የሚሸጠው ስልክ ብቻ፣ ጨርቅ የሚሸጠው ጨርቅ ብቻ ሆነ፤ የተሰፋ ልብስ በቦንዳ መጣ፣ ጀሪካኑና ፕላስቲኩ ሳፋውን ተካው። መብራት በየቤቱ ሲገባ የፋኖስ ብርጭቆ የሚገዛ ጠፋ። ሐጂ ዛሬ ድረስ ቢኖሩ ኖሮ ከመደርደሪያቸው ግማሹን ማን ይገዛቸው ነበር? ስለዚህ ያ ሱቅ እንዲመለስ አልመኝም። የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ አንተ ሱቅ በር ላይ የሚሰፋ ሰው ካለ አታባርረው።

ጥያቄ፦ ሱቅ በደረቴ የሚባሉት ጠፉ ወይስ አሉ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ አሉ እንጂ! ድሮ መርፌ፣ ክር፣ መስታወትና ምላጭ ነበር ደረታቸው ላይ፤ አሁን ሶፍት፣ ማስቲካና የሞባይል ካርድ ነው። ሣጥኑ ግን ያው ነው፣ የአንገቱ ማንጠልጠያም ያው። ከሁሉም ነጋዴ በመንግሥት ለውጥ ያልተነካው እሱ ነው፤ ቤት ስለሌለው የሚወረስ አልነበረውም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አባቴ ጨጨላ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ነበረው። ዘንድሮ አረፈ። ሣጥኑን ስንከፍት የዱቤ ደብተሩን አገኘን። የሰፈሩ ሰው ስም፣ የወሰደው ዕቃና የገንዘቡ ልክ ተጽፏል። የከፈለው ስሙ ላይ ተሰርዟል፣ ያልከፈለው እንዳለ አለ። ወንድሜ ገጾቹን ፎቶ አንስቶ ለሰፈሩ ልጆች ለማሳየት ይፈልጋል፣ «ታሪክ ነው» ይላል። እኔን ደስ አላለኝም፤ ምክንያቱን ግን መናገር አቃተኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። ምክንያቱን እኔ ልንገርሽ።

ዱቤ የሚላከው ሁልጊዜ ልጅ ነው። አስተውለሽ ታውቂያለሽ? አባት በእጁ ገንዘብ ሲኖር ራሱ ሄዶ ይገዛል፣ ከባለ ሱቁ ጋርም ቆሞ ያወራል። ከእጁ ሲያልቅ ልጁን ይልካል፤ «ሂጂ፣ አባቴ ወር ሲወጣ እከፍላለሁ ብሏል በይ»። እኔ ስንት ጊዜ እንደተላክሁ እግዜር ይቁጠረው። ባንኮኒው ዘንድ ሰው ካለ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ሐጂም ሳያስደግሙኝ ደብተራቸውን ይስባሉ። ስማችንን እንኳ አይጽፉም፤ «የሰፊው ልጅ» ነው የሚሉት። አባቴ በማግስቱ ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲሰፋ ሁለቱ ስለ ዱቤው አንድ ቃል አይነጋገሩም። ጥሩ ባለ ሱቅ የሚባለው ማን ምን ያህል እንደቸገረው አውቆ ዝም የሚል ነው። ክፉውን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ሌላ ሰፈር ነበር፣ ያልከፈለውን ሰው ስም በር ላይ በጠመኔ ይጽፍ ነበር። ስለ ድሮ ሱቅ ፍቅር ብቻ የሚነግሩሽ ሰዎች ይህንን አይነግሩሽም።

አባትሽ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ነው የኖረው። ወንድምሽ እንዳሰበው ገጾቹ ቢታዩ የበሩ ላይ ጠመኔ በስልክ መጣ ማለት ነው። ተበዳሪዎቹ አልፈው ይሆናል፣ ልጆቻቸው ግን ዛሬም ጨጨላ ናቸው፤ እናቱ ላምባ ሳትከፍል እንደሞተች ከጎረቤት ስልክ ላይ ማወቅ የሚፈልግ ልጅ የለም።

ወንድምሽም ግን ግማሽ እውነት አለው። ያ ደብተር ውስጥ በየትኛው ወር ምን እንደተሸጠ፣ ስኳር ስንት እንደነበር፣ ሰው በክረምት ምን እንደሚበደርና መቼ እንደሚከፍል አለ። በተለይ የመስከረምን ገጾች እዪ፤ የተማሪ ደብተርና እርሳስ የተወሰደበት ወር ነውና ዱቤው ሳይበዛ አይቀርም። ይህንን ሌላ የትም አታገኙትም። እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ቀኑን፣ ዕቃውንና ዋጋውን ወደ ሌላ ደብተር ገልብጡ፤ በስሙ ፋንታ ሥራውን ጻፉ፣ ሸማኔ፣ ወታደር፣ ጠላ ሻጭ፣ አስተማሪ እያላችሁ። ቅጂውን ለፈለገ ሁሉ አሳዩ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንም ደስ ይላቸዋል። ዋናውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እርጥበት በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ፕላስቲክ አታልብሱት፣ የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፉት፤ ሙጫው ቀለሙን ይበላዋል።

ያልተሰረዙትን ደግሞ አትደምሩ። ወንድምሽ ሒሳብ የሚወድ ከሆነ የስኳሩን ዋጋ ይደምር።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ የላምባውን ዋጋ ብቻ ቀድመሽ ላኪልኝ። ከአንድ አንባቢ ጋር ከሰኔ ጀምሮ እየተከራከርንበት ነው።