«ሃጊዮን ኦሮስ» በአማርኛ ምን ይባል?

ጥያቄ፦ ግሪክ አገር ያለው የአቶስ ገዳም ሲጠቀስ አንዱ «ሃጊዮስ ኦሮስ»፣ ሌላው «የአዮን ኦሮስ ተራራ» ብሎ ይጽፋል። ፍቺው ምንድን ነው? «ደብረ ቅዱስ» ብንለውስ?

መልስ፦ «ኦሮስ» ተራራ፣ «ሃጊዮን» ቅዱስ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ጸሐፊ «የቅዱስ ተራራ ተራራ» ብሏል። አንፍረድበት፤ ደብር በግእዝ ተራራ ሆኖ ሳለ እኛም «የደብረ ዘይት ተራራ» እንላለን።

«ሃጊዮስ ኦሮስ» ግን ስሕተት ነው። ግሪክኛ ሦስት ጾታ አለው፦ ሃጊዮስ ለወንድ፣ ሃጊያ ለሴት (ሃጊያ ሶፊያ እንዲሉ)፣ ሃጊዮን ከሁለቱም ላልሆነው። ኦሮስ መጨረሻው «ኦስ» ስለሆነ ወንዴ ይመስላል እንጂ ከሦስተኛው ወገን ነው። «ሆሮስ» ተብሎ እንዳይጻፍም መጠንቀቅ ነው፤ ያ ወሰን የሚል ሌላ ቃል ነው። የዛሬ ግሪኮች «ሀ»ን ጥለው፣ «ገ»ን ወደ «የ» አለዝበው፣ የመጨረሻዋን «ን» ትተው «አዮ ኦሮስ» ይላሉ። የጥንቱንም የዛሬውንም መጻፍ ይቻላል፤ ግማሽ በግማሽ ማቀላቀል ግን አያምርም።

ወደ «ደብረ ቅዱስ» ስንመጣ፣ ጣጣው ያለው «ረ» ላይ ነው። ደብር ዘርፍ (የማን ወይም የምን እንደሆነ የሚናገር ስም) ሲይዝ «ደብረ» ይሆናል፤ «ደብረ ቅዱስ» እንግዲህ የአንድ ቅዱስ ሰው ተራራ ነው። ተራራው ራሱ ቅዱስ ከሆነ «ደብር ቅዱስ» ይባላል። የመዝሙረ ዳዊት ተርጓሚዎች ይህን ቀድመው አስበውበታል፦ በመዝሙር 2፥6 ግሪክኛው «ኦሮስ ቶ ሃጊዮን አውቱ» (ቅዱስ ተራራው) ሲል፣ ግእዙ ቅጽሉን በስም ለውጦ «ደብረ መቅደሱ» አለ። ዘርፉ መቅደስ ስለሆነ «ረ»ዋ እዚህ ቦታዋ ነው።

ደብር ከተራራነት ተነሥቶ የቤተ ክርስቲያን መጠሪያ መሆኑ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በግብፅ መነኮሳት ዘንድ ኦሮስም፣ የቅብጥ (የግብፅ ክርስቲያኖች) ቋንቋው «ቶዉ»ም፣ ተራራንና ገዳምን አንድ ላይ ይጠራሉ።

ስለዚህ እኔ አቶስን ዘርፍ አድርጌ «ደብረ አቶስ»ን እመርጣለሁ። ይሁንና የዛሬ አንባቢ ደብር ሲባል አንድ አጥቢያ ሊመስለው ይችላል፤ ስሙ ግን 2,033 ሜትር ከፍታ ያለውን ጫፍ ብቻ ሳይሆን 20 ገዳማት ያሉበትን ባሕረ ገብ ምድር በሙሉ ይሸፍናል። መጀመሪያ ሲጠቀስ «ደብረ አቶስ፣ ግሪኮች ቅዱስ ተራራ የሚሉት የገዳማት ምድር» ብሎ መጻፍ፣ ከዚያ በኋላ ደብረ አቶስ ብቻውን ይበቃል።