መልስ፦ ቁልፍ ከመግዛትሽ በፊት መቃኑን እዪው

እህቴ፣ እንኳንም ቤት ውስጥ ሰው አልነበረ። «ባሕር ዳር የተከራየሁት ቤት በሩ ተፈንቅሎ ተሰረቅሁ፤ የትኛውን ቁልፍ ልግዛ?» ነው ያልሽው። እኔ ግን ቁልፉን ከመውቀሴ በፊት መቃኑን አያለሁ። አብዛኛው ሌባ ቁልፍ በጥበብ ሲከፍት አያመሽም። በትከሻ ይገፋል፣ ወይ በፌሮ ይፈነቅላል።

የቁልፉ ምላስ የሚገባበትን ቆርቆሮ ፍቺና ብሎኖቹን አውጥተሽ እዪ። የእኔ ቤት 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞሉም ነበር! መቃኑ እንጨት ከሆነ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ብሎን ቀይሪያቸው፤ እንጨቱን አልፎ ግድግዳውን ይንከስ። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን በሚይዘው ፕላስቲክ) ይታሰር። ከአዲስ ቁልፍ በጣም ይረክሳል።

በሩ ላሜራ ነው? ማጠፊያው በውጭ በኩል ከሆነ ፒኑ ተመትቶ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ቁልፉ ሳይነካ በሩ ይነሳል። በያጅ ጠርተሽ የፒኑን ጫፍ በብየዳ አስይዢው።

ወደ ቁልፉ ስንመጣ፣ ሲሊንደሩ፣ ማለትም መክፈቻው የሚገባበት ክፍል፣ ከበሩ ገጽ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይውጣ፤ አለዚያ በፒንሳ ተይዞ ይሰበራል። የድሮው ተከራይ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ስለማይታወቅ ሲሊንደሩን ብቻም ቢሆን ቀይሪው። አከራይሽን ግን አስቀድመሽ አስፈቅጂያቸው።

ደግሞ የጣና ዳር እርጥበት አለ። ክረምት ላይ የእንጨት በር ያብጥና ምላሱ ቀዳዳውን ይስታል። ስትወጪ ገፋ አድርገሽ ሞክሪው። ቁልፉ ቢጠብቅሽ የምግብ ዘይት እንዳትጨምሪበት፣ አቧራ ይሰበስባል። የመጻፊያ እርሳስ ጥቁር ዱቄት (ግራፋይት) ይሻላል።