የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ ደም ለምርምር ሲላክ

ሰላም እህቴ። «ውሻዬን በሽታው በተደጋጋሚ ይጥለዋል፣ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ለሚያካሂደው የዘረ-መል ምርምር ደሙን ልላክ ወይ? እንዴትስ ይላካል?» ላልሽው፦ ላኪ። ግን መጀመሪያ ጻፊላቸውና ዝርያውን አሁን እየተቀበሉ መሆኑን አረጋግጪ፣ ቅጹንም ተቀበይ።

ከደሙ እኩል የሚፈለገው ታሪኩ ነው። የስኳር ማነስ፣ የጉበት ችግር፣ የእርሳስ መመረዝም ውሻን ያንፈራግጣሉ፤ እነዚህ በምርመራ ካልተወገዱ ናሙናው ጥናቱን ያሳስታል። የዘር የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ የጣለበትን ቀን፣ የቆየበትን ደቂቃ፣ የሚወስደውን መድኃኒትና የዘር ሐረጉን አያይዢ። የሚጥለውን የሚያስታግሰው መድኃኒት፣ ፊኖባርቢታል፣ ዲኤንኤውን አይነካውም፤ ለናሙና ብለሽ እንዳታቋርጪበት፣ ድንገት ማቆም ራሱ ክፉኛ ይጥለዋል።

ሐኪሙ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ወይን ጠጅ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ቱቦ ይቅዳ፤ ወዲያው 8 ወይም 10 ጊዜ በቀስታ ያገላብጠው፣ አይናጠው። ቀይ ክዳን ባለው ደሙ ይረጋል፤ በአረንጓዴው ያለው ሄፓሪን ደግሞ ዲኤንኤውን የሚያባዙበትን የፒሲአር ምርመራ ያውካል። ቱቦው ላይ የባለቤቱ ስምና የውሻው የምዝገባ ስም ይጻፍ። «ማክስ» ብቻ የተባለ ቱቦ ምን ይሠራላቸዋል? ፍሪጅ እንጂ ፍሪዘር አይግባ። ሲላክ በወረቀት ፎጣ ተጠቅልሎ፣ ከበረዶ ጄል ጋር፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይውጣ፤ ሐሙስ የወጣ ቅዳሜና እሁድን መጋዘን ውስጥ ሊያድር ይችላል።

በደም ፋንታ የጉንጭ ጥጥ (የጉንጩን ውስጥ በጥጥ ጠርጎ የሚወሰድ ናሙና) ከፈቀዱልሽ ከበላ ቢያንስ አንድ ሰዓት በኋላ ውሰጂ፣ ሳይደርቅ አትዝጊው፤ ይሻግታል። ደም ግን ይሻላል፤ በጥጡ የሚገኘው ዲኤንኤ ትንሽ ነው፣ ከባክቴሪያም ጋር የተቀላቀለ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጤነኞቹን ነው። የእናቱ፣ የአባቱና የወንድም እህቶቹ ደም ያስፈልጋል፤ ያረጀና አንድም ቀን ጥሎት የማያውቅ ዘመድ ካለማ ለማነጻጸሪያ እሱን የሚያህል የለም።

ውጤቱን በቶሎ አትጠብቂ። ላጎቶ ሮማኞሎ በተባለው የጣሊያን ውሻ ዝርያ ቡችሎች ላይ የሚታየው የሚጥል በሽታ ከኤልጂአይ2 ዘረ-መል እንደሚመጣ በ2011 የታተመው አንድ ዘረ-መል ብቻ ስለነበረ ነው፤ በብዙዎቹ ዝርያዎች ግን በርካታ ዘረ-መሎች ተደራርበው ነው የሚሠሩት።

ደግሞ «ጤነኛ» ተብሎ የተላከ ውሻ ከዓመታት በኋላ ቢጥለው ወዲያው አሳውቂያቸው፤ ካልነገርሻቸው በጤነኞቹ ተራ እንደተቆጠረ ይቀርና የሚፈለገውን ልዩነት ያደበዝዛል።