ኤድዋርድ ዙፋኑን ጠየቀ ወይስ ዙፋኑ ይገባኛል አለ?

ጥያቄ፦ የአውሮፓ ታሪክ መጽሐፍ እየተረጎምኩ ነው። «የሟቹ የሻርል 4ኛ የወንድም ልጅ የሆነው የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ የፈረንሳይን ዙፋን ጠየቀ፤ በ1340ም የፈረንሳይ ንጉሥ ሆነ» ብዬ ጻፍኩ። አራሚዬ «ዙፋኑን ይገባኛል አለ» ብለው ለወጡት። ማን ትክክል ነው? ኤድዋርድን «አልጋ ወራሽ» ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ አራሚዎ ግሱን አቃንተው ሰዋስዉን አበላሽተዋል። «ጠየቀ» ሰጪ ይፈልጋል፤ ሰው ብድር ይጠይቃል፣ ምሕረት ይጠይቃል። ኤድዋርድ ግን በፈረንሳይ ዙፋን ላይ የነበረውን ፊሊፕ 6ኛን ዙፋንህን ስጠኝ አላለም። ሙግቱ «ከመጀመሪያውም የእኔ ነበር» የሚል ነው፤ ይህንን የሚሸከመው «ይገባኛል» ነው። ችግሩ «ን» ላይ ነው። የ«ይገባኛል» ባለቤት ዙፋኑ ነው፤ ተናጋሪው በ«-ኝ» ተሳቢ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ «ዙፋኑ ይገባኛል አለ» ይበሉ። ስም ካስፈለገዎ ጋዜጦች «የድንበር ይገባኛል ጥያቄ» እንደሚሉት «የዙፋን ይገባኛል ጥያቄ» ማለት ይችላሉ። ያባረርነው ጥያቄ በጓሮ በር ተመለሰ ይሉኝ ይሆናል፤ «ይገባኛል» ከፊቱ ስለቆመ ግን ልመናነቱ ጠፍቷል።

«አልጋ ወራሽ» አይሆንም። ይህ ስም በሕይወት ባለ ንጉሥ ዘመን ተተኪነቱ ለታወቀለት ሰው ነው።

ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ ከሁሉ የከፋው ስሕተት እሱ ነውና። «የወንድም ልጅ» ያሉት ኤድዋርድ የእህት ልጅ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል (nephew) የወንድምንም የእህትንም ልጅ በአንድ ስም ስለሚጠራ አሳስቶዎታል። ኤድዋርድ የወንድም ልጅ ቢሆን ኖሮ የመቶ ዓመቱ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦርነት ከየት ይመጣል? ሻርል እ.ኤ.አ. በ1328 ወንድ ልጅ ሳይተካ ሲሞት በሥጋ የቀረበው ወንድ የእህቱ የኢዛቤላ ልጅ ኤድዋርድ ነበር። የፈረንሳይ መኳንንት ግን እናቱ የማትወርሰውን ዙፋን ለልጇ ልታወርስ አትችልም ብለው የሟቹን የአጎት ልጅ ፊሊፕን አነገሡ። እዚህ ላይ ደግሞ የሚደብቀው የእኛው ቃል ነው። አማርኛ የአባትንም የእናትንም ወንድም «አጎት» ስለሚል «በአባቱ በኩል» የሚል ካልጨመሩ አንባቢዎ የፊሊፕ ብልጫ ከየት እንደመጣ አይገባውም።

በመጨረሻ «ንጉሥ ሆነ» ያሉትን ይሰርዙ። ኤድዋርድ በ1329 አሚየን ላይ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ስላለው ስለ አኪቴን ግዛቱ ለፊሊፕ እጅ ነሥቶ ነበር። ፊሊፕ በ1337 ይህን ግዛት ልንጠቅህ ሲለው ነው ነገሩ የፈነዳው። በጥር 1340 ጌንት ከተማ ላይ «ራሱን የፈረንሳይ ንጉሥ ብሎ ሰየመ»፤ ከዚህ በላይ አይጻፍለት። የፈረንሳይ ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑባትን ሬምስን በ1359 ማብቂያ ላይ ቢከብም አልገባባትም። በ1360 ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው የብሬቲኚ ውል ሰፊ ግዛት ሊያገኝ ይገባኛል ማለቱን ተወ፤ በ1369 ደግሞ መልሶ አነሣው። የእንግሊዝ ነገሥታት ስያሜውን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ ይዘውት ቆይተዋል። ከእነርሱ መካከል በፈረንሳይ ንጉሥነት ዘውድ የጫነው በ1431 ፓሪስ ላይ ሄንሪ 6ኛ ብቻ ነው። «ነገሠ» የሚለውን ለእሱ ያቆዩለት።