ጦስኝና መድኃኒት የለመደ ጀርም፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ከዕፅዋት የሚወጣ ዘይት ባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ መፈተሽ ነው። ዛሬ ከደብረ ብርሃን ሆኜ ለሰሜን ሸዋ ሰው እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ የታዘዘላችሁን አንቲባዮቲክ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ከመሃል ሜዳ፦ ዶክተር፣ የኛ ጦስኝ ጀርም ይገድላል ወይ?

ይገድላል፤ ሳህን ላይ። ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን መሃል ዘይቱን የነካች ትንሽ ክብ ወረቀት እናስቀምጣለን። በማግስቱ ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው። ወረቀቷን ዙሪያዋን ጥርት ያለ ቀለበት ከቧታል፤ እዚያ ምንም አልበቀለም። ዘይቱ ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች የባክቴሪያውን ሽፋን ስለሚያፈርሱት ነው። ሰው ግን ሳህን አይደለም። የተዋጠውን ቲሞል ሰውነት ቶሎ ለውጦ በሽንት ያስወጣዋል።

ከደብረ ሲና፦ ነጭ ሽንኩርትስ?

ጀርም የሚጎዳው ንጥረ ነገሩ አሊሲን ይባላል፤ የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲወቀጥ ነው። ወጥ ውስጥ ከበሰለ አትጠብቁት።

ከሸዋ ሮቢት፦ ለሁሉም ኢንፌክሽን የሚሆን ቅጠል ይንገሩን።

«ለሁሉም» የሚባል የለም። የምን ኢንፌክሽን? የት? ለይተህ ጠይቀኝ።

ከአረርቲ፦ ታዲያ ዕፅዋቱ ብቻቸውን ካላዳኑ ምን ያደክማችኋል?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ክረምት ቤቱ ጎርፍ የገባበትን ሰው አስቡ። በጣሳ እየቀዳ ወደ ውጭ ይደፋል። ከገባው እኩል ከደፋ አይሰምጥም። አንዳንድ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። ሽፋኑ ላይ ፓምፕ አለው፤ የገባውን መድኃኒት መልሶ ይተፋዋል። ስታፊሎኮከስ አውሬየስ የሚባለው ቁስል የሚያመረቅዝ ባክቴሪያ ኖር-ኤ በሚባለው ፓምፑ እነ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰሉ አንቲባዮቲኮችን ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪዎቹ እነ ስተርሚትዝና ሉዊስ ባርበሪ የሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ሁለት ነገር አብሮ አገኙ። አንዱ ቤርቤሪን ነው፤ ጀርም ይጎዳል፣ ግን ፓምፑ ይተፋዋል። ሌላው ሜቶክሲሃይድኖካርፒን ብቻውን ምንም አይገድልም። ሥራው ፓምፑን ማገድ ነው፤ ጣሳውን ከእጁ ይቀማዋል። ተክሉ ሁለቱንም አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። እኔም ከቅጠል የምፈልገው የአንቲባዮቲክ ምትክ ሳይሆን እንዲህ ያለ አጋዥ ነው። ገና ፋርማሲ የደረሰ ግን የለም።

ከአንኮበር፦ ጦስኝ ከተባለ የአንኮበር ነው፤ የመንዙ ሽታ የለውም።

ከመሃል ሜዳ፦ የመንዝ ጓሳን ሳታይ አትፍረድ ወንድሜ! ብርዱ ነው የሚያጠነክረው።

ከሞላሌ፦ ተዉት እሱን፤ ከሥሩ እየነቀሉ ገበያ ሲያወጡት ነው የሚያሳዝነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የጦስኝ ጥንካሬ በማሽተት አይለካም። አንዱ ቦታ ቲሞል ይበዛል፣ ሌላው ካርቫክሮል። የሞላሌው ልክ ነው፤ ይሄ ዝርያ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። እባካችሁ ጫፉን ቁረጡ፣ ሥሩን ተዉ።

ከደብረ ሲና፦ ዘይቱን በቀን ስንት ጠብታ ልጠጣ?

ምንም። የጦስኝ ዘይት ሻይ አይደለም፤ ጉሮሮና ጨጓራ ያቃጥላል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ኢንፌክሽን ነው ያልኩት እኮ፤ ዝም ብሎ የሚያጠፋ ነገር...

መልሼልሃለሁ። ሕመሙን ሳትነግረኝ ቅጠል አልነግርህም። ጤና ጣቢያ ሂድ።

ከጣርማ በር፦ እናቴ ለእግሯ ቁስል አንቲባዮቲክ ጀምራ ተሻላት። የቀረውን በጦስኝ ሻይ ትጨርስ?

አይሆንም፣ እህቴ። ሻዩን ትጠጣ፤ ክኒኑንም ሐኪሙ እንዳዘዘው ትጨርስ። ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ ላቦራቶሪ ናሙና ወስዶ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራለት ይይ። ስንት ክኒን ቀራት? ዛሬውኑ ቆጥረሽ ጻፊልኝ።