ጨው ስለለመዱ ዕፅዋት፦ ለወሎ ወጣት የመድኃኒት ተማሪዎች

ልጆቼ፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ በወረድሁ ቁጥር ዓይኔ ከአፋር ወንድሞቻችን እጅ በማይጠፋው መፋቂያ ላይ ያርፋል። እኛ ሚስዋክ የምንለው፣ ሊቃውንት ሳልቫዶራ ፐርሲካ ያሉት ይህ ዛፍ ጨዋማ መሬት ይችላል፤ በሥሩ የሚገኘው ቤንዚል አይሶታዮሳያኔት የተባለው ውህድም በቤተ ሙከራ የአፍ ባክቴሪያዎችን ሲገድል ታይቷል።

እንዲህ ያሉት ጨው ቻይ ዕፅዋት ከዓለም የዕፅዋት ዝርያዎች አንድ በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። በሊትር 12 ግራም ገደማ የገበታ ጨው ያለበትን ውኃ ከአፈሩ እየጠጡ አድገው ዘር ያፈራሉ። ሶዲየሙን በሴላቸው ውስጥ ባለ ከረጢት ይቆልፉበታል፤ እንደ ታማሪክስ ያሉት ቁጥቋጦዎች ደግሞ በቅጠላቸው በኩል እንደ ላብ ያወጡታል። ውኃ እንዳይሸሻቸው ፕሮሊንና ግላይሲን ቤታይን የተባሉ ውህዶችን ያከማቻሉ፤ ጨው የሚያስነሳባቸውን ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት ለማብረድም ፍላቮኖይድና ሌሎች ፖሊፌኖሎችን ያመርታሉ። ይኸው ቤታይን ዛሬ ሆሞሲስቲኑሪያ ለተባለ፣ በዘር ለሚወረስ ብርቅ በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ስሙን ያገኘው ከቀይ ሥር ወገን ነው፤ የቀይ ሥር የዱር ቅድመ አያትም የባሕር ዳርቻ ተክል መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ውህድ ተክሉ ጨውን የሚከላከልበት ከሆነ፣ መጠኑ ከአፈሩና ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል ማለት ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በውርደት ነው። በወጣትነቴ ከቆላ ለቅሜ በውኃ የዘፈዘፍሁት ቅጠል ባክቴሪያን አጥፍቶልኝ ቀናትን በደስታ ሰከርሁ፤ በዓመቱ ከክረምት በኋላ ከሌላ ቦታ ያመጣሁት ያው ተክል ግን አንዳች አላደረገም። ማስታወሻዬን ብገልጥ ያገኘሁት «ከባቲ በታች» የሚል ብቻ ነበር! ስለዚህ ወሩን፣ ቦታውንና የአፈሩን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፣ ማለትም የጨውነቱን መለኪያ፣ ጻፉ፤ በሜትር ከ4 ዴሲሲመንስ ያለፈው አፈር ጨዋማ ይባላል።

ሌላም አለ። በውኃ የተዘፈዘፈ ጨው ቻይ ቅጠል ከውህዱ ጋር ጨውንም ይዞ ይወጣል፤ ጨው ደግሞ ብቻውን ብዙ ባክቴሪያን ያዳክማል። በመሆኑም በዝፍዝፉ ያለውን ጨው ለክታችሁ፣ ያንኑ ያህል ጨው ብቻ የያዘ ውኃ አዘጋጅታችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን ፈትኑ። እኔ በዚያ ዘመን ለማነጻጸሪያ ያቀረብሁት ንጹሕ ውኃ ስለነበረ፣ የመጀመሪያው ደስታዬ የቅጠሉ ሥራ ይሁን የጨው፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልሁም።